ድድዎ ሲደማ አንጀትዎን ብቻ አይክሰሱ፦ በየስልኩ ለተዳረሰው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልካችን ሲዞር ከርሟል። ደሴም ኮምቦልቻም ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። እህቴ ከወልዲያ ላከችልኝ፣ ሐይቅ ያለ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬም ላከልኝ። እኔ ደግሞ ደሴ ውስጥ ጥርስ ክሊኒክ ስለምሠራ፣ ታካሚዎች ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ስልካቸውን አውጥተው «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። መልስ ለመጻፍ አልቸኮልኩም ነበር። ግን ጥርሳቸው መነቃነቅ የጀመረ ሰዎች ይህን አንብበው ቀጠሯቸውን ሲተዉ ሳይ ዝም ማለት ከበደኝ።

መጀመሪያ ጸሐፊው የሚሉትን በትክክል ላስቀምጥ፣ ያላሉትን አሉ እንዳልል። የድድ በሽታ መነሻው አንጀት ነው ይላሉ። አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሚዛናቸው ሲዛባ ድድ ይደማል፣ ጥርስን የያዘው አጥንትም እየተበላ ይሄዳል። ማስረጃቸው ምንም ባክቴሪያ የሌለባቸው የላቦራቶሪ አይጦች ጠንካራ አጥንት አላቸው የሚለው ጥናት ነው። ከዚህ ተነሥተው ብሩሽም መፋቂያም ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። ጥርስ ማሳጠብ ደግሞ ጭራሽ ጥርስ ያነቃንቃል። መፍትሔው አንጀትን በኮሶ ወይም ከፋርማሲ በሚገዛ አንቲባዮቲክ ማጽዳት፣ ከዚያ በእርጎና ጠቃሚ ባክቴሪያ አለበት በሚባል በፕሮባዮቲክ ዱቄት መተካት ነው። ይህን ያደረገ ሰው የሄደ አጥንቱ ይመለስለታል። በመጨረሻም አያቶቻችን በእንጀራና በእርጎ ኖረው የድድ በሽታ አያውቁም ነበር ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው ብዙ አንብበዋል፣ ያስታውቃል። ክፉ አስበው የጻፉት ነገርም አይደለም። ነገር ግን ከአንድ እውነት ተነሥተው እውነቱ የማያደርስበት ቦታ ደርሰዋል።

እውነቱ ምንድን ነው? አንጀትና አጥንት ግንኙነት አላቸው፣ ይሄ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የስዊድን ተመራማሪዎች ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦች ከተለመዱት አይጦች የበለጠ አጥንት እንዳላቸው አሳይተዋል። ጸሐፊው የጠቀሱት ይሄንኑ ይመስለኛል። ሰዎች ላይም ቢሆን ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት ያለባቸው ሕሙማን የድድ በሽታ በብዛት ይታይባቸዋል። ምክንያቱም ብዙ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ባህሪያቸውን የሚይዙት አንጀት አካባቢ ነው። እዚያ የተቆጡ ሕዋሳት በደም ተጉዘው ሌላ ቦታ ሊደርሱ ይችላሉ፣ ድድም ጭምር። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የምንለያየው «መነሻው» በሚለው ላይ ነው።

አጥንቱ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ባክቴሪያው ራሱ አጥንት የሚቆረጥም ይመስለዋል። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ፕላክ የምንለው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን በየቀኑ ይሠራል። ካልተነሣ ወደ ድዱ ሥር ይወርዳል። የሰውነት መከላከያ ሊያጠፋው ይመጣል፣ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ትግሉ ካልቆመ መከላከያ ሕዋሳቱ ራንክል የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን በብዛት ይለቃሉ፣ እሱም አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። አጥንቱን የሚያፈርሰው የራሳችን ሰውነት ነው፣ ከማያልቀው ጠላት ለመራቅ ወደ ኋላ እየሸሸ። እንግዲህ አንጀት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ቁጣውን ሊያብሰው ወይም ሊያበርደው ይችላል። የቁጣው ምክንያት ግን ጥርሱ ሥር ተጣብቆ ተቀምጧል።

ይህን ከየት አመጣሁት? እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌያዊ የጥርስ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ዴንማርክ ውስጥ ቀላል የሚመስል ሙከራ አድርጎ ነበር። ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። ማንም ኮሶ አላጠጣቸውም፣ አንጀታቸውን የነካ የለም። የተቀየረው የአፍ ጽዳት ነው።

ጸሐፊው «ይሄ እኮ የድድ መቆጣት ነው፣ አጥንት መበላት አይደለም» ቢሉኝ ልክ ናቸው። እሺ፣ ወደ አጥንቱ እንሂድ። ይኸው ሎ ከባልደረቦቹ ጋር ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመት ስሪላንካ ውስጥ 480 ወንድ የሻይ እርሻ ሠራተኞችን ተከታትሏል። ሰዎቹ ጥርስ የማጽዳት ልማድ አልነበራቸውም፣ የጥርስ ሕክምናም አያገኙም ነበር። ሁሉም ጥርሳቸው ላይ ፕላክና የጥርስ ድንጋይ ተከምሯል። ከእነሱ 8 በመቶው በፍጥነት አጥንትና ጥርስ አጡ። 81 በመቶው በመካከለኛ ፍጥነት አጡ። የቀሩት 11 በመቶ ግን ከድድ መቆጣት አላለፉም።

እኔ በዚህ ጥናት ላይ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ለእኔም ለጸሐፊውም የሚሆን ነገር አለውና። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል፣ አፉ ካልጸዳ፣ አጥንቱን ያጣል። ይሄ «መፋቅ ከንቱ ድካም ነው» የሚለውን ያፈርሰዋል። ያ 11 በመቶ ግን ለምን ተረፈ? ቆሻሻው እኩል ነበረ። ልዩነቱ ያለው ሰውነታቸው ለቆሻሻው በሰጠው ምላሽ ላይ መሆን አለበት። በዘር የሚወረስ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ አንጀትም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። አንጀት የበሽታውን ፍጥነት ሊለውጥ ይችላል ቢሉን ኖሮ እኔም ጽሑፋቸውን ለሰው እልክ ነበር።

አሁን አይጦቹ ጋ ልመለስ፣ ምክንያቱም የጽሑፉ ክብደት ሁሉ ያረፈው እነሱ ላይ ነው።

ባክቴሪያ የሌላቸው አይጦች አጥንታቸው ይበልጣል፣ አዎ። ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሌላ ሥራ እንዲህ ዓይነት አይጦች ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ምን እንደሚሆኑ አየ። መጀመሪያ አጥንታቸው ቀነሰ። ወራት ሲቆጠሩ ግን አጥንት የመሥራት አቅማቸው ጨመረ፣ አጥንታቸውም አደገ። ስለዚህ ያው ባክቴሪያ በአጭር ጊዜ አጥፊ መስሎ በረዥም ጊዜ ገንቢ ሆነ ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች አይጦችን አንቲባዮቲክ እየሰጡ የአንጀት ባክቴሪያቸውን አዛቡት። አጥንታቸው ጠነከረ? የለም፣ ሲለካ ጥንካሬው ቀንሶ ተገኘ። ጸሐፊው «ባክቴሪያውን አጽዳ፣ አጥንትህ ይጠነክራል» ያሉት ምክር በራሳቸው ምስክሮች፣ በአይጦቹ ላይ እንኳ አይሠራም።

ድድን በቀጥታ የሚመለከት ደግሞ አንድ ሙከራ አለ። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ በድድ በሽታ ስሙ ቶሎ የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ይህን ባክቴሪያ በጥቂቱ ብቻ የተለመዱ አይጦች አፍ ውስጥ ሲጨምሩት በአፋቸው የሚኖሩትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ሁሉ አመሰቃቅሎ የመንጋጋ አጥንታቸውን አስበላ። ያንኑ ባክቴሪያ ብቻውን፣ ሌላ ባክቴሪያ የሌላቸው አይጦች ላይ ሲያደርጉት ግን አጥንቱ ምንም አልሆነም። ምን ማለት ነው? ክፉው ባክቴሪያ ብቻውን አቅም የለውም፣ አፍ ውስጥ የተከማቹት ሌሎቹ ያስፈልጉታል። እነዚያን ደግሞ በየቀኑ መቀነስ የምንችለው እኛ ነን፣ በእጃችን።

ሌላው ጽሑፉ ፈጽሞ ያላነሣው ነገር መንገዱ በሁለቱም በኩል የሚሄድ መሆኑ ነው። ሰው በቀን አንድ ሊትር ገደማ ምራቅ ይውጣል። በምራቁ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌለው የአፍ ባክቴሪያ አለ። አብዛኛው በጨጓራ አሲድ ይሞታል፣ ሁሉም ግን አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ቅድም ያልኩትን ባክቴሪያ በብዛት ለአይጦች በአፍ ሲሰጡ የአንጀት ባክቴሪያቸው ስብጥር ተቀየረ። በ2020 ደግሞ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የተሠራ ጥናት የድድ በሽታ የያዛቸው አይጦች አንጀታቸው ሲቆጣ ይበልጥ እንደሚብስባቸው አሳየ። ክሌብሲየላን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በታመመው አፍ ውስጥ በዝተው ወደ አንጀት ወርደው ነበር። አፍ ውስጥ የነቁ መከላከያ ሕዋሳትም ተከትለዋቸዋል። እንግዲህ ጸሐፊው «አንጀትህን አክም፣ አፍህ ይድናል» ሲሉ፣ አይጦቹ ቢጠየቁ «አፍህንም አክም፣ አንጀትህ ያርፋል» የሚሉም ይመስላል። አይጥ ሰው አይደለም፣ ይሄ ለእኔም ለእሳቸውም እኩል ይሠራል። ግን አይጥን ምስክር የሚጠራ ሰው የምስክሩን ቃል ሙሉውን ማቅረብ አለበት።

ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ የአንቲባዮቲኩ ምክር ነው።

ደሴ ላይ፣ ከፒያሳ እስከ ሙጋድ፣ አንድ ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት አሞክሳሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል ለማግኘት ብዙ እንደማይቸገር ሁላችንም እናውቃለን። ድዱ ያበጠ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይውጣል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ያቆማል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ያብጥበታል። እኔ ጋ የሚመጣው ጥርሱ መወዛወዝ ሲጀምር ነው። ፕላክ ተጣብቆ ተደራርቦ የሚያድግ ነገር ስለሆነ መድኃኒቱ ውስጡ በደንብ አይገባም። በእጅ ካልተነሣ በስተቀር ምንጩ እዚያው ነው። ሐኪም አንቲባዮቲክ የሚያዝበት ጊዜ አለ፣ አልክድም፣ ግን የጥርሱን ሥር ከማጽዳት ጋር አብሮ፣ ለተመረጡ ሕሙማን።

ደግሞ ተቃርኖውን ተመልከቱት። ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ጥሩ የአንጀት ባክቴሪያ አጥንት ይጠብቃል ይላሉ። በሚቀጥለው አንቀጽ አንጀትን በአንቲባዮቲክ አጽዱ ይላሉ። አንቲባዮቲክ ጥሩና መጥፎ አይመርጥም እኮ። ለአንጀቱ ባክቴሪያ የሚጨነቅ ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ያልታዘዘለትን አንቲባዮቲክ አለመዋጥ ነው። በዚያ ላይ መድኃኒቱ በማይገባ ቦታ ሲለመድ፣ የሳንባ ምች የያዘው ልጅ በሚያስፈልገው ቀን እምቢ ይላል።

ኮሶስ? ኮሶ የኮሶ ትል ለማስወጣት ነው፣ እንደ መተሬና እንደ እንቆቆ። ጥሬ ሥጋ ለሚበላ ሕዝብ አገልግሏል፣ ክብር ይገባዋል። የድድ ባክቴሪያ ግን አንጀት ውስጥ ያለ ትል አይደለም። ኮሶ መጠኑ ካለፈ ደግሞ ይመርዛል። ሆዱ ተጠርጎ፣ ተዳክሞ፣ ድዱ እንደነበረ የሚደማ ሰው ምን አተረፈ?

ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ወደሚለው ልለፍ። ይሄን ጸሐፊው አልፈጠሩትም። ከእኔ ዘመዶች ጀምሮ ብዙ ሰው የሚለው ነው። ስሜቱም የውሸት አይደለም፣ ሰዎች ታጥበው ወጥተው በማግስቱ ጥርሴ ላላ፣ በጥርሴ መሐል ክፍተት ወጣ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያመኛል ይላሉ። የሚሆነው እንዲህ ነው። ፕላክ በቀናት ውስጥ መጠጠር ይጀምርና የጥርስ ድንጋይ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ብሩሽ አይነቅለውም። ዓመታት ሲከማች አጥንት የራቃቸውን ጥርሶች እርስ በእርስ ያያይዛቸዋል። አጥንቱ ከሥር እየሄደ ጥርሱ ጠንካራ ይመስላል። ድንጋዩ ሲነሣ የነበረው ክፍተት ይታያል፣ አብጦ የነበረው ድድም ሲሟሽሽ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል። ቅዝቃዜው የሚያመው የተሸፈነው ሥር ስለተገለጠ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ጥርሱን ያላላው በሽታው ነው፣ እጥበቱ ገለጠው። በችኮላና ያለ ችሎታ የሚያጥብ ሰው ድድ ሊያቆስል ይችላል፣ ይሄን እቀበላለሁ። ስለዚህ ማን እንደሚያጥብዎት ይጠይቁ። ማሳጠቡን አይተዉ።

የሄደ አጥንት ይመለሳል ወይ? ይሄ ጥያቄ ሲመጣብኝ ሰው ፊት ላይ ያለውን ተስፋ ስለማይ መልሱ ይከብደኛል። በእርጎም በዱቄትም በራሱ አይመለስም። አንዳንድ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ በቀዶ ሕክምና የተወሰነ አጥንት እንዲበቅል ማድረግ ይቻላል፣ ግን ለሁሉም አይሆንም፣ ሙሉ በሙሉም አይመልስም። የወሎ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከዳገቱ ታጥቦ የወረደ አፈር አይመለስም፣ እርከን የሚሠራው የቀረው እንዳይሄድ ነው። የድድ ሕክምናም በአብዛኛው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው «ቀጠሮህን ተወው፣ መጀመሪያ አንጀትህን አስተካክል» የሚለው ምክር የሚያስፈራኝ። ሰውዬው አንጀቱን ሲያስተካክል የሚያልፉት ወራት በአጥንት የሚከፈሉ ናቸው።

አሁን ስለ አያቶቻችን። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስኳር በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ጥርስ እንደዛሬው በብል አይቦረቦርም ነበር። የጥርስ መቦርቦር እና የድድ በሽታ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድድ በሽታ ስኳር አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች ጀርመን ዳልሃይም ውስጥ ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት የሞቱ ሰዎች ጥርስ ላይ የቀረውን የጥርስ ድንጋይ መረመሩ። በውስጡ ዛሬ እኛ ታካሚ አፍ ውስጥ የምናውቃቸው የድድ በሽታ ባክቴሪያዎች ተገኙ። እነዚያ ሰዎች ለስላሳ መጠጥ አልጠጡም፣ ብስኩት አልበሉም።

ሩቅ አገር ምን አስኬደኝ፣ እዚሁ ቤታችን ማስረጃ አለ። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና አያቶች አይተን የለ? ንቅሳቱ ለውበት ነው፣ ግን ለውበት ብቻ አልነበረም። የሚደማ ድድ ያጠነክራል ይባልም ነበር። የድድ በሽታ የማያውቅ ሕዝብ ለሚደማ ድድ መላ ለምን ይፈልጋል? (በነገራችን ላይ ድዷን የተነቀሰች እናት ካለችዎ ጠጋ ብለው ይጠይቋት። የተነቀሰ ድድ ሲቀላ ስለማይታይ በሽታው ተደብቆ ሊከርም ይችላል። ሲነካ ይደማል ወይ፣ ጥርሷ ይነቃነቃል ወይ፣ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።)

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ጸሐፊው አያቶቻችንን ሲያነሡ እርጎውን አስታውሰው መፋቂያውን መርሳታቸው ነው። አያቶቻችን እኮ ይፍቁ ነበር! የወይራው፣ የክትክታው መፋቂያ በየገበያው ይሸጥ ነበር፣ ዛሬም ይሸጣል። እዚህ እኛ አገር ደግሞ ከሶላት በፊት ሲዋክ (መፋቂያ) ማድረግ የተለመደ ነው፣ ጎረቤቱ ክርስቲያኑም ከአፉ መፋቂያ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ልማዱ ባለበት አካባቢ ሲዋክን ለአፍ ጽዳት እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። አያቶቻችንን ምሳሌ ካደረግን ሙሉውን እናድርጋቸው። መፋቂያ ጉድለት የለውም አልልም። የፊት ጥርስን እያበራ የመንጋጋውን ውስጠኛ ጎን ይዘለዋል፣ በኃይል ከፈተጉት ድድ ያሸሻል። ጫፉን አኝኮ አለስልሶ፣ በቀስታ፣ ወደ ውስጥም ገብቶ መፋቅ ያስፈልጋል። ጾመኛ ከሆኑ ከሱሁር በኋላና ከኢፍጣር በኋላ፣ ወይም ከጾም መፍቻ በኋላና ከመተኛት በፊት አይዝለሉት።

እንጀራና እርጎን በተመለከተ ደግሞ እኔም ወዳጃቸው ነኝ። ጽሑፉ ግን እንጀራን በሕይወት ያለ ባክቴሪያ አቅራቢ አድርጎታል። ሊጡን ያቦኩት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ምጣዱ ላይ ሲጋገሩ ይሞታሉ። እንጀራ ለአንጀት የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፣ ቃጫ (ፋይበር) አለው። ገብሱም ባቄላውም ሽምብራውም እንዲሁ። የአንጀት ባክቴሪያዎች ቃጫውን አፍልተው ቡቲሬት የመሰሉ አሲዶች ይሠራሉ። እነዚህ አሲዶች አይጦች ላይ አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን ሲያበርዱ ታይተዋል። ጸሐፊው ይህንን ቢያነሡ ጥሩ ነጥብ ይሆንላቸው ነበር። ግን እዚህም ጥንቃቄ አለው። ያው ቡቲሬት በታመመ ድድ ኪስ ውስጥ በባክቴሪያ ሲመረት የድድ ሕዋሳትን ይጎዳል። አንጀት ውስጥ የሚጠቅም ነገር ጥርስ ሥር ይጎዳል፣ ቦታው ወሳኝ ነው። አንጀት ላይ የተገኘን ነገር አንሥቶ አፍ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

እርጎ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ አለው፣ ልክ ናቸው። ጠጡ። ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ መሆኑን እወቁ። ቀሪቦም በጽሑፉ ከመድኃኒት ተቆጥሯል። ቀሪቦ እኔም እወዳለሁ፣ ግን በስኳር የሚጣፍጥ መጠጥ የጥርስ መድኃኒት አይሆንም።

ስለ ፕሮባዮቲክ ዱቄቱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ስዊድን ውስጥ ከ75 እስከ 80 ዓመት ያሉ 90 ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት ላክቶባሲለስ ሬውቴሪ የሚባል ባክቴሪያ የወሰዱት የአጥንት መሳሳታቸው ቀንሶ ነበር። ብዙ ሰው ተደሰተ። በ2024 የታተመው ተከታይ ጥናት ግን የወር አበባቸው በቅርቡ የቆመ 239 ሴቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ምንም ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም የለኩት የእግርንና የሌላውን አካል አጥንት ነው፣ ጥርስ የያዘውን አልለኩም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ውድ ዱቄት ግዙ ማለት የድሃ ኪስ ማራቆት ነው። በዚያ ብር ለቤተሰቡ ሁሉ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ይገዛል፣ ተርፎም አንድ ጊዜ ጥርስ ያሳጥባል።

ጽሑፉ ያላነሣቸው ነገሮች ካነሣቸው ይልቅ ያሳስቡኛል። ሲጋራ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። ሲጋራ የድድ በሽታን በእጅጉ ያባብሳል፣ ክፋቱ ደግሞ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የአጫሽ ድድ ብዙም አይደማም። ሰውዬው ጤነኛ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ጫት ላይ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳም አልተጠቀሰም፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አፍ ውስጥ የሚከርም ነገር ነው።

የስኳር በሽታም አልተጠቀሰም። ይህን መተዋቸው ከባድ ጉድለት ነው። ከአፍ ውጭ ያለ ነገር ድድን ይነካል ለማለት ከፈለጉ ከአንጀት በፊት የሚነሣው ስኳር ነው፣ እሱ በአይጥ ሳይሆን በሰው ላይ በደንብ የተረጋገጠ ነውና። ደሙ ውስጥ ስኳር የበዛ ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፣ አጥንቱም ቶሎ ይሄዳል። ድዱ በሥርዓት ሲታከምለት ደግሞ የሦስት ወሩ የስኳር ልኬት (HbA1c) በአማካይ 0.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ይሄ አንድ ተጨማሪ የስኳር ክኒን ከሚያወርደው ብዙም የማያንስ ጊዜ አለ። ስኳር እንዳለባቸው ያላወቁ ሰዎች መጀመሪያ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚደርሱበት አጋጣሚም አለ፣ ድዳቸው በተደጋጋሚ መግል እየያዘ።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፍዎ ብዙ ሺህ ሰው ዘንድ ደርሷል፣ የእኔ ይህን ያህል ላይደርስ ይችላል። የኮሶውንና የአንቲባዮቲኩን ምክር ያውጡት። በምትኩ «ድዱ የሚደማ ወይም ጥርሱ የተነቃነቀ ሰው ጥርስ ሐኪም ይየው፣ የስኳር ምርመራም ያድርግ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከድዱ ጠርዝ ጀምሮ ይፋቅ» ብለው ይጻፉበት። ስለ ቃጫውና ስለ እርጎው የጻፉት ባለበት ይቆይ። ያን ካደረጉ በራሴ ስልክ ለታካሚዎቼ ሁሉ እልከዋለሁ።